አይስላንድ ሄዳችሁ በኪራይ መኪና ውስጥ ለምታድሩ፦ ከብርዱ በፊት ስለ አየሩ እናውራ



ሰሞኑን አንዲት እህታችን ከጀርመን፣ ከፍራንክፈርት፣ በውስጥ መስመር ጥያቄ ልካልናለች። ከሦስት ጓደኞቿ ጋር መስከረም ላይ አይስላንድ ሊሄዱ ነው። ሆቴሉ ስለማይቀመስ ካምፐር ቫን፣ ማለትም ከኋላው ፍራሽና ትንሽ የጋዝ ምድጃ ያለው መኪና፣ ተከራይተው ለ10 ቀን እየዞሩ እዚያው ውስጥ ሊያድሩ አስበዋል። ጥያቄዋ ሁለት ነው። «ሌሊት ሲበርደን ጋዙን ለኩሰን ወይም ሞተሩን አስነስተን ብንተኛ ችግር አለው? ደግሞ አንዷ ጓደኛችን አስም አለባት፣ እሳተ ገሞራ ያለበት አገር መሄዷ ያሰጋል?»

ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ አጭር ነው፦ አዎ ችግር አለው፣ ሊገድል ይችላል። ለሁለተኛው ደግሞ፦ ተዘጋጅታ ከሄደች መሄድ ትችላለች። ግን አጭር መልስ ሌሊት በ9 ሰዓት ጥርስ ሲንቀጫቀጭ ይረሳል። ምክንያቱን ያወቀ ሰው ነው የማይረሳው፤ ስለዚህ ዛሬ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፈው። አይስላንድ የመሄድ ሐሳብ የሌላችሁም ቢሆን አንብቡት፣ ምክንያቱም ዋናው ጋዝ እኛ ቤት ክረምት ላይ ከሰል ስናያይዝ የሚወጣው ያው ጋዝ ነው።

ለማታውቋት፣ አይስላንድ ሰሜን አትላንቲክ ውስጥ ያለች ደሴት ናት። ስፋቷ 103,000 ካሬ ኪሎ ሜትር አካባቢ፣ ሕዝቧ ግን 400,000 ገደማ ብቻ ነው። የተቀመጠችው ሁለት የመሬት ቅርፊቶች በሚላቀቁበት መስመር ላይ ነው። የኛ አፋርም እንደዚያው ነው፣ ለዚህ ነው ሁለቱም ጋር እሳተ ገሞራና ፍል ውሃ የሚበዛው። ደሴቷን የሚዞረው ዋና መንገድ 1,300 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ብዙ ቱሪስት መኪና ተከራይቶ እሱን እየተከተለ ያድራል። ይሄ በራሱ ምንም ክፋት የለውም፣ እንዲያውም ደስ የሚል ጉዞ ነው።

የማይታየው፣ የማይሸተው

ማንኛውም ነገር ሲነድ፣ ቤንዚንም ይሁን ናፍጣ፣ ከሰልም ይሁን የሲሊንደር ጋዝ፣ በደንብ ተቃጥሎ ካላለቀ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣዋል። ይህ ጋዝ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ዓይን አያቃጥልም፣ አያስልም። ሰውነታችን «ኧረ ውጡ!» የሚልበት ምንም መንገድ የለውም።

ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ነው። ችግሩ ሄሞግሎቢን ካርቦን ሞኖክሳይድን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይወደዋል። ሚኒባስ ታክሲ አስቡ። ወንበሩን ሁሉ የማይወርዱ ተሳፋሪዎች ይዘውታል፣ ታክሲው ይሄዳል ይመለሳል፣ ኦክስጅን ግን ፌርማታ ላይ እንደቆመ ይቀራል። አንጎልና ልብ የሚጠብቁት ደግሞ እሱን ነው። ንጹህ አየር ላይ ከወጣችሁ በኋላ እንኳ ከገባው ጋዝ ግማሹ ከደም እስኪወጣ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይፈጃል። ሆስፒታል ውስጥ ንጹህ ኦክስጅን በማስክ ሲሰጥ ይህ ጊዜ ወደ አንድ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት ተኩል ዝቅ ይላል። «ትንሽ አየር ልውሰድና ተመልሼ ልተኛ» የማይሠራው ለዚህ ነው።

ምልክቱ ምንድን ነው? ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም፣ ግራ መጋባት። አሁን ራሳችሁን ጉዞ ላይ አድርጋችሁ ይህን ዝርዝር እንደገና አንብቡት። ትናንት 6 ሰዓት ነድታችኋል፣ ፍራሹ አልተመቻችሁም፣ ምናልባት ማታ ቢራ ጠጥታችኋል፣ ዓሣ ቀምሳችኋል። ጠዋት ራሳችሁን ቢያማችሁ ማን ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው ይላል? «ድካም ነው»፣ «ብርድ መታኝ»፣ «ዓሣው ነው» ይባልና ማታ እዚያው ይተኛል። እኛ ሐኪሞችም ካልጠየቅን ጉንፋን ወይም የምግብ መመረዝ ብለን ልናልፈው የምንችለው ነገር ነው።

ሁለት ነገር ግን ያሳብቅበታል። አንደኛ፣ አብረው ያደሩት ሁለት ሦስት ሰዎች በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ይታመማሉ። ጉንፋን ሰው በሰው፣ ተራ በተራ ነው የሚይዘው፤ አራት ሰው በአንድ ሌሊት ሲታመም ግን የተነፈሱትን አየር ጠርጥሩ። ሁለተኛ፣ ከመኪናው ወጥታችሁ ስትውሉ ይሻላችኋል፣ ማታ ስትመለሱ ደግሞ ይነሳል።

አንድ ነገር በተለይ ልንገራችሁ። ከኮሮና ወዲህ ብዙ ሰው ጣት ላይ የሚደረገውን የኦክስጅን መለኪያ ገዝቷል። ያ መሣሪያ ካርቦን ሞኖክሳይድ የያዘውን ደም ኦክስጅን ከያዘው ደም መለየት አይችልም። ሰውዬው እየታፈነ 98 ወይም 99 ሊያሳያችሁ ይችላል። ራስ ምታቱ እያለ ቁጥሩ ጥሩ ነው ብላችሁ እንዳትተኙ።

ነፍሰ ጡር ካለች ጉዳዩ ይብሳል፤ የፅንሱ ሄሞግሎቢን ጋዙን ከእናቲቱ የበለጠ ይዞ ስለሚቆይ፣ እናት ቀለል ያለ ምልክት እያሳየች ልጁ በጣም ሊጎዳ ይችላል።

«ከሰሉ እኮ ፍም ሆኗል»

እዚህ ላይ የኛን ቤት ልማድ ላንሳ። ከሰል ውጭ ይያያዛል፣ ጭሱ ሲያልቅና ፍም ሲሆን «አሁን አይጎዳም» ተብሎ ይገባል። ጭሱ አለቀ ማለት ዓይን የሚያቃጥለው ነገር አለቀ ማለት እንጂ ጋዙ አለቀ ማለት አይደለም። ቀይ ሆኖ የሚያምረው ፍም ካርቦን ሞኖክሳይድ ማውጣቱን ይቀጥላል። መኪና ደግሞ ከትንሿ ክፍላችን እጅግ ያነሰ፣ በሩ በጎማ የታሸገ ክፍል ነው። ስለዚህ አንድ ጊዜ ብቻ ተጠቅመው የሚጥሉትን የከሰል መጥበሻ፣ ሥጋ ጠብሳችሁበት ሲያበቃም ቢሆን፣ ለሙቀት ብላችሁ ወደ ውስጥ እንዳታስገቡት። የጠፋ የሚመስል ከሰል ለሰዓታት ውስጥ ውስጡን ይነዳል።

ሐበሻ ደግሞ ቡና ሳይዝ አይሄድም፣ አውቃለሁ። ቡናውን ቤት ቆልታችሁና ፈጭታችሁ ሂዱ። ጀበናው ካምፕ ቦታው ላይ ባለው ኩሽና ይጣዳል። ዕጣኑ ይቅርባችሁ፣ ቢያንስ መኪናው ውስጥ።

ትንሿ የጋዝ ምድጃስ? በሩ ተከፍቶ፣ ሰው ነቅቶ፣ ለ10 ደቂቃ ሻይ ማፍላት ሌላ ነገር ነው፤ እሱም ቢሆን ውጭ ወይም ኩሽና ውስጥ ቢሆን እመርጣለሁ። ለማሞቂያ ግን በፍጹም። ሰማያዊ የነበረው ነበልባል ወደ ቢጫ ሲያደላ አየር አንሶታል ማለት ነው፤ ሰማያዊ መሆኑም ግን ዋስትና አይደለም። እሳቱም ራሱ አለ፣ ፍራሽና ብርድ ልብስ ባለበት ጠባብ ቦታ።

ሞተር አስነስቶ መተኛትም እንደዚያው ነው። አዳዲስ መኪኖች ጭሳቸውን የሚያጣራ መሣሪያ አላቸው፣ እውነት ነው፤ ግን መሣሪያው ሥራውን የሚሠራው ሲግል ነው፣ ሁሉንም አያጠፋም፣ ማርሚታው ተበስቶ ከሆነ ደግሞ ጭሱ ወለሉ ስር ይቀራል። የመኪናው ጀርባ ወደ ነፋስ ከዞረ፣ ወይም በረዶና ጭቃ ቧንቧውን ከደፈነው፣ ጭሱ የሚመለሰው ወደ እናንተ ነው። «መስኮቱን ትንሽ እንከፍተዋለን» የሚለውን በኮሜንት ብዙ ጊዜ አያለሁ። መስኮት ትንሽ መክፈት ለሌላ ነገር ይጠቅማል፣ ከታች እነግራችኋለሁ፤ የሚነድ ነገር ባለበት ግን አያድናችሁም።

እና በምን ይሞቃል? አብዛኞቹ የአይስላንድ ካምፐር ኪራዮች በናፍጣ ወይም በቤንዚን የሚሠራ፣ ለብቻው የተገጠመ ማሞቂያ አላቸው። ይሄኛው የሚያቃጥለው በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሆኖ፣ ጭሱን በቧንቧ ከመኪናው ስር ወደ ውጭ የሚያወጣ ነው። ወደ ውስጥ የሚገባው የሞቀ አየር ብቻ ነው። በትክክል ከተገጠመና ከተያዘ ለዚሁ የተሠራ ዕቃ ነው፣ ተጠቀሙበት። ቁልፍ ስትረከቡ ግን ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ሰውዬውን ጠይቁት፦ ማሞቂያው የመጨረሻ ጊዜ የታየው መቼ ነው? የጭሱ መውጫ የት ጋር ነው? በእጁ ያሳያችሁ። ከዚያ በየማታው ከመተኛታችሁ በፊት ጎንበስ ብላችሁ ያንን ቀዳዳ ተመልከቱ፣ በረዶ፣ ሣር ወይም ጭቃ እንዳልደፈነው። ሞተር ሳይነሳ የሚሠራ ስለሆነ «ሞተሩንም ላስነሳ» የሚያሰኝ ነገር የለም።

ሌላው ጥያቄ፦ የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርም አለው ወይ? ካለው መሞከሪያውን ተጭናችሁ ድምፁን ስሙት፣ ጊዜው ያለፈበት መሆን አለመሆኑንም ከጀርባው አንብቡ። ከሌለው ራሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ አውሮፓ ውስጥ ስትገዙ ኢኤን 50291-2 የሚል የተጻፈበትን ፈልጉ፣ መጨረሻ ላይ ያለችው 2 ቁጥር ለካምፐርና ለጀልባ የተሠራ ነው ማለት ነው። ዋጋው ለአራት ሰው ሲካፈል ከአንድ ምሳ አይበልጥም። የጭስ አላርምና የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርም የተለያዩ መሆናቸውን ልብ በሉ። ደግሞ አላርሙ ትንሽ መጠን ሲሆን ወዲያው አይጮህም። በደረጃው መሠረት ከአንድ ሚሊዮን የአየር ክፍል 50ው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲሆን ከ60 እስከ 90 ደቂቃ ይጠብቃል፣ 300 ሲሆን ነው በ3 ደቂቃ ውስጥ የሚጮኸው። ስለዚህ አላርም አልጮኸም ማለት ራስ ምታታችሁ ሐሰት ነው ማለት አይደለም።

ሌሊት ራሱን አሞት የነቃ ሰው ካለ ወይም አላርሙ ከጮኸ፣ መጀመሪያ ሁሉንም ቀስቅሱ፣ በሮቹን ሁሉ በርግዱ፣ ውጡ። መንስኤውን መፈለግ ከወጡ በኋላ ነው። የማይነቃ ሰው ካለ ጎትታችሁ አውጡና 112 ደውሉ፤ የማይተነፍስ ከሆነ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጋችሁ፣ የሚያነሳው ሰው እየመራችሁ ደረቱን መጫን ጀምሩ። ወተት ማጠጣት፣ ሎሚ ማሽተት፣ ፊት ላይ ውሃ መርጨት ጋዙን ከደም አያወጣም። ራሱን ላልሳተም ሰው ሕክምና ያስፈልገዋል፣ ምክንያቱም ከሳምንታት በኋላ ጭምር የማስታወስና የማሰብ ችግር ይዞ የሚመጣበት ጊዜ አለ። ለሐኪሙ «መኪና ውስጥ ተኝተን ነበር፣ ሁላችንንም ራሳችንን አሞናል» በሉት። በደም ምርመራ ይታወቃል፣ ግን ሐኪሙ ሊጠረጥር ይገባል።

ከመሬት የሚወጣው

እስካሁን ያወራነው ሰው የሚለኩሰውን ነው። እሳተ ገሞራ ያለበት ደሴት ላይ መሬቱም የራሱን ይተነፍሳል።

በታሪክ የከፋው እ.ኤ.አ. በ1783 የተነሳው የላኪ ፍንዳታ ነው። ለስምንት ወር ያህል የሰልፈር ጋዝና ፍሎራይድ እየረጨ ሣሩን መረዘው፣ ከብቱ አለቀ፣ ረሃብ መጣ፣ ከአገሩ ሰው ከአምስቱ አንዱ ገደማ ሞተ። ያ ሁሌ አይደርስም፣ አትፍሩ። ለመንገደኛ የሚጠቅመው ትንሹ ታሪክ ነው። በ1973 ሄይማዬይ በምትባለው ትንሽ ደሴት ላይ ከተማው አጠገብ መሬት ተሰንጥቆ እሳት ሲወጣ፣ ከ5,000 በላይ ነዋሪዎች በዓሣ አጥማጅ ጀልባ በአንድ ሌሊት ወጡ። ከዚያ ሁሉ ላቫና አመድ መሐል በፍንዳታው የሞተው አንድ ሰው ነው፤ እሱንም የገደለው እሳቱ ሳይሆን ምድር ቤት ውስጥ ተጠራቅሞ የጠበቀው ጋዝ ነው።

ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር አንድ ተኩል ጊዜ ያህል ይከብዳል። ነፋስ በሌለበት ሌሊት እንደ ውሃ ወደ ጉድጓድና ወደ ሸለቆ ይወርዳል፣ እዚያው ይተኛል። ከ1947ቱ የሄክላ ፍንዳታ በኋላ ጎድጓዳ ቦታ ላይ የገቡ በጎች በዚህ ምክንያት ሞተዋል። አህጉራችን ላይም ካሜሩን ውስጥ በ1986 ከኒዮስ ሐይቅ በሌሊት የወጣው ይኸው ጋዝ 1,700 ገደማ ሰው በተኛበት ጨርሷል።

ከዚህ ምን እንውሰድ? ለእንቅልፍ ጉድጓድ ውስጥ መኪና አታቁሙ፣ በተለይ አዲስ ላቫ ወይም እንፋሎት ባለበት አካባቢ። «ከነፋስ ይከልለናል» ተብሎ የሚመረጠው ጎድጓዳ ቦታ ጋዙም የሚመርጠው ቦታ ነው። ደግነቱ ሕጉም ከሐኪሙ ጋር ይስማማል፤ ከ2015 ወዲህ አይስላንድ ውስጥ ከካምፕ ቦታ ውጭ፣ ያለ ባለመሬቱ ፈቃድ፣ በካምፐር ማደር ክልክል ነው። ካምፕ ቦታ ላይ ሽንት ቤት አለ፣ ብዙዎቹ ጋር ኩሽና አለ፣ ቢያንስ የሚሰማችሁ ሰው አለ። መስከረም አጋማሽ ላይ በርካቶቹ ስለሚዘጉ ክፍት የሆኑትን ከመነሳታችሁ በፊት አጣሩ።

ሬይክያኔስ የሚባለው፣ አውሮፕላን ማረፊያው ያለበት አካባቢ፣ ከ2021 ጀምሮ ደጋግሞ ፈንድቷል፣ ግሪንዳቪክ የምትባለው ከተማም በኅዳር 2023 ነዋሪዎቿን አስወጥታለች። እናንተ እዚያ በምትሆኑበት ጊዜ ፍንዳታ ካለ መንገድ የሚዘጋው ለላቫው ብቻ አይደለም፣ ነፋሱ ጋዙን ወዴት እንደሚወስደው ታይቶም ነው። ዘለው የሚያልፉ ቱሪስቶች አሉ፣ እናንተ አትሁኑ።

ደግሞ የበሰበሰ ዕንቁላል ሽታ አለ። ሚቫትን ሐይቅ አጠገብ እንፋሎት የሚተፋውን መስክ ስታዩ፣ ወይም ሻወር ቤት የሙቅ ውሃውን ቧንቧ ስትከፍቱ ይሸታችኋል። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ነው፣ በዚያ መጠን ከማስጠላት አያልፍም። ግን አንድ ተንኮል አለው፦ መጠኑ በጣም ሲበዛ አፍንጫችን ማሽተቱን ያቆማል። በጣም ሸቶ ሸቶ ድንገት የጠፋ ሽታ መልካም ዜና ላይሆን ይችላል፣ ወደ ነፋሱ አቅጣጫ ፈቀቅ በሉ። ደቡብ ላይ ከበረዶ ግግሩ ስር የሚወጣ አንድ ወንዝ አለ፣ የአገሩ ሰው በቅጽል ስም «የሚገማው ወንዝ» ይለዋል። ከበረዶው በታች ያለው እሳተ ገሞራ ሲሞቅ የቀለጠው ውሃ ጎርፍ ሆኖ ከነጋዙ ይወጣል፣ በዚያን ጊዜ የሚቲዎሮሎጂ መሥሪያ ቤታቸው ከወንዙ ዳር ራቁ ይላል። የሱን ድረ ገጽ በየጠዋቱ ክፈቱት፣ ለነፋሱም ለመንገዱም ይጠቅማችኋል።

አስም ላለባት ጓደኛ

አስም ያለበትን ሰው በተለይ የሚነካው ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ነው። ኤርታሌ የወጣችሁ ጉሮሮ የሚከረክረውን ጭስ ታስታውሱት ይሆናል። ጤነኛ ሰው ትንሽ አስሎት የሚያልፈው መጠን፣ አስም ያለበትን ሰው የአየር ቧንቧ በደቂቃዎች ውስጥ ሊያጠብ ይችላል፣ በተለይ ዳገት እየወጣ ከሆነ። ፍንዳታ በሌለበት ጊዜ አብዛኛው የአይስላንድ አየር ንጹህ ነው፤ ይልቅ የሚቀሰቅስባት ቀዝቃዛው ነፋስ ይሆናል። አፍንጫና አፍን በስካርፍ መሸፈን ለብርዱ ይረዳል። ማስክ ግን፣ ኤን 95 የሚባለውም ቢሆን፣ አመድ ያጣራል እንጂ ጋዝ አያጣራም።

ከመሄዷ ሁለት ሦስት ሳምንት በፊት ሐኪሟን ታግኝ። በቅርብ ጊዜ ሌሊት እየነቃች የምታስል ከሆነ ወይም የሚያስታግሰውን ኢንሄለር በሳምንት ከሁለት ቀን በላይ የምትጠቀም ከሆነ አስሟ አልተረጋጋም፣ መድኃኒቱ መስተካከል አለበት። በየቀኑ የሚወሰደውን ኢንሄለር «ደህና ነኝ» ብላ ጉዞ ላይ እንዳታቋርጥ። የሚያስታግሰውን ሁለት ትያዝ፣ አንዱ ኪሷ ውስጥ፣ አንዱ ጓደኛዋ ጋር። ደግሞ ከፍተኛ ብርድ ላይ የከረመ ኢንሄለር በትክክል አይረጭም። መኪናው ኪስ ውስጥ አይደር፣ አብሯት ይተኛ። ኢንሄለሩን ወስዳ ካልተሻላት፣ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃታት ወይም ከንፈሯ ከጠቆረ 112 ነው፣ «እስኪነጋ» አይባልም።

ያለ እሳት እንዴት ይሞቃል?

መስከረም ላይ ሌሊቱ 5 ዲግሪ አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ይሆናል። ይሄ የደብረ ብርሃን ብርድ ነው፣ ያውም ከነዝናቡ። ብዙ ሰው የሚበርደው ከላይ ይመስለዋል፣ ግን ከስር ነው። ፍራሹ ስስ ከሆነ ከስሩ የሚነጠፍ ነገር ጨምሩ። ቀን የለበሳችሁት ልብስ ደረቅ ቢመስልም ላብ አለበት፣ ካልሲ ጭምር ቀይራችሁ ተኙ፣ ኮፍያ አድርጉ። ጋቢ እወዳለሁ፣ ግን ጥጥ ነው፣ ከራሰ ሙቀቱ ያልቃል፤ ለላይኛው ሱፍ፣ ከሁሉም ደግሞ ለዜሮ ዲግሪ የተሠራ ስሊፒንግ ባግ ይሻላል። ኩሽና ውስጥ የሞቀ ውሃ በደንብ በሚዘጋ ጠርሙስ አድርጋችሁ፣ ካልሲ አልብሳችሁ እግራችሁ ስር አድርጉት። በልታችሁ ተኙ፤ ባዶ ሆድ ይበርደዋል። ሽንታችሁ ከመጣ ተነሱ፣ ይዞ ማደር እንቅልፍ መከልከል ብቻ ነው ትርፉ። አረቄ ያሞቃል የሚባለው ቆዳን ነው፤ ደም ወደ ቆዳ ሲወጣ የውስጥ ሙቀት ይወርዳል፣ በዚያ ላይ አላርም ቢጮህ የሚነቃ የለም።

መስኮቱን ጣት የሚያህል መክፈት የሚጠቅመው እዚህ ጋር ነው። የአራት ሰው ትንፋሽ ሌሊቱን ሙሉ መስታወቱን ያረጥበዋል፣ እርጥበቱ ብርድ ልብሱ ላይ ይወርዳል፣ እርጥብ ደግሞ ይበርዳል። ጓደኛችሁ ከብርድ የተነሳ ንግግሯ ከተጎተተ፣ እጇ ዚፕ መዝጋት ካቃተው፣ በተለይ ስትንቀጠቀጥ ቆይታ ሳይሞቃት መንቀጥቀጡ ካቆመ፣ ሕክምና የሚያስፈልገው ደረጃ ላይ ደርሳለች።

የፍል ውሃውን ነገር ቶሎ ልለፈው። እኛ ፍልውሃ ሄደን የምንታጠብበት ዓይነት አለ፣ እጅግ ደስ ይላል። 80 እና 100 ዲግሪ ሆኖ የሚፈላም አለ፣ ከሩቅ ሁለቱም ይጨሳሉ። የተከለለውን መንገድ ለቃችሁ አትርገጡ፣ ስሱ አፈር ሊከዳ ይችላል። የተቃጠለ ሰው ካለ ቀለበቱን አውልቁ፣ ቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ ለ20 ደቂቃ አፍስሱበት፣ የቀረውን ሰውነቱን ግን ሸፍኑት። ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ሊጥ አይቀባም። የሚጠጣው ከቀዝቃዛው ቧንቧ ነው፣ እሱም በጣም ጥሩ ውሃ ነው፣ ገንዘብ አውጥታችሁ የታሸገ አትግዙ።

በመጨረሻም ስለ ኢንሹራንስ፣ ይሄን ብዙዎች አያውቁትም። የጀርመን የሕዝብ ጤና መድን ካርድ ጀርባ ላይ የአውሮፓ የጤና ካርድ አለ፣ አይስላንድ ውስጥም ይሠራል። ግን ለአውሮፓ ኅብረት አገር ዜጎች ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዛችሁ ጀርመን የምትኖሩ ከሆነ፣ መድን ቢኖራችሁም፣ ያ ካርድ አይስላንድ፣ ኖርዌይ፣ ዴንማርክና ስዊዘርላንድ ላይ እንደሌሎቹ አገሮች አያገለግላችሁም። የጉዞ የጤና ኢንሹራንስ ለብቻው ግዙ፣ አስም ያለባት ጓደኛችሁ ደግሞ ነባር ሕመምን የሚሸፍን መሆኑን አንብባ ትግዛ።

ጥያቄ ያላችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ ስደርስ እመልሳለሁ። መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ስሙንም ጨምሩበት።